ለማሳያ የቀረበ ልብ

በዚያ ቀን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ታማሚዋ እኔ፤ ሕመሜን ሊናገርልኝ የመጣው ባለቤቴ፤ ብቻቸውን አይሂዱ ብላ የተከተለችን ጎረቤቴ፤ ከሌላ ክልል ለሥራ አሶሳ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሐኪም፤ የልብ ምት የሚጽፈውን ማሽን የምታሠራው ሲስተር። በየመሐሉ በሩን ገርበብ እያደረገ "ገና አልጨረሳችሁም?" የሚለን ሌላ ሽማግሌም ነበር። እሱ ግን ግማሽ አካሉ ኮሪደሩ ላይ ስለነበር ከሰው ቁጥር አላስገባውም።

ሕመሙ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ነገሩ ስለተምታታ ነው። ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችን ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ልቤ አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ይነሳ ነበር። ወጥ እያማሰልኩ፣ ልብስ እያሰጣሁ ወይም ዝም ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከረጢት ውስጥ የገባች ዶሮ እንደምታደርገው ይፈራገጣል። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ይዘላል፣ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ይመታል፣ የቆመ መስሎ እንደገና ይጀምራል። ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ባልዲ ማንሳት ያቅተኛል። ከዚያ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ጸጥ ይላል።

የሚያስፈራኝ መፈራገጡ ብቻ አልነበረም። እናቴም ልቤ ይፈራገጣል ትል ነበር። ብርድ ነው ተባለች፣ ሐሳብ ነው ተባለች። አንድ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ ግራ ጎኗ እምቢ አላት። ከዚያ በኋላ የኖረችውን ዕድሜ ሁሉ በአንድ እጇ ኖረች፤ ሌላኛውን እጇን የማጥበው፣ ጥፍሩንም የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ልቤ በተነሳ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔስ ጎን እምቢ የሚለው መቼ ነው?

ሰፈራችን ግን ለሕመሜ ምክንያት ካገኘለት ቆይቷል። የመጀመሪያ ልጄ ጉባ ወረዳ፣ ህዳሴ ግድብ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። "የልጅ ነገር ነው" ይሉኛል። እውነት ነው፣ በየጠዋቱ እደውልለታለሁ።

"ቆብህን አድርገሃል?"

"አድርጌያለሁ እማዬ።"

"ዛሬ ከፍታ ላይ ነህ?"

"ዛሬ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ።"

"መደርደሪያው ግድግዳው ላይ ታስሯል?"

እጨነቃለሁ፣ አልክድም። ግን ጭንቀቴን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። ጭንቀቴ ሲመጣ የሚይዘው ሆዴን ነው። ይሄኛው ሌላ ነበር። ይህንን ልዩነት ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔም ሐኪም ፊት የምናገር ሰው አልነበርኩም።

የማልናገረው በልማድ ነው። የእኔም የባለቤቴም ወላጆች በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ በሁለቱም ቤት ያየነው ወግ አንድ ዓይነት ነበር። ሴት ለማታውቀው ወንድ እዚህ ጋ ያመኛል ብላ ብትዘረዝር ነውር ነው፤ ባሏ ይናገርላታል። ወንድም አመመኝ ካለ ስሙ ይጠፋል፤ ሚስቱ ትናገርለታለች። እኛም በዚሁ ስንኖር ሠላሳ ዓመት አለፈን። የእሱን ወገብ፣ የእሱን ወባ፣ የእሱን ጥርስ ለሐኪም ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ብዙም የተቸገርንበት ጊዜ አልነበረም፤ ወገብና ወባ ከውጭም ይታያል። ልብ ግን አይታይም።

"እሺ እናቴ፣ ምን ይሰማዎታል?" አለኝ ሐኪሙ።

እኔ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሷ ምንም የላትም ዶክተር። ትጨነቃለች። ልጃችን ግድቡ ላይ ነው።"

"ምን ያማቸዋል ነው ያልኩት አባቴ።"

"እሱን እኮ ነው የምነግርህ። ዝናብ ሲመጣ ትጨነቃለች፣ ዝናብ ሲቀር ትጨነቃለች። አሁን ስንመጣ የባጃጁን ሾፌር ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ ብላ ጠየቀችው።"

"ዓይኑ ቀልቶ ነበር" አልኩ በቀስታ።

"ሰማሃት አይደል?" አለ ለሐኪሙ።

ጎረቤቴ ከበሩ አጠገብ ሆና "ዶክተር፣ ልብ ነው" አለች። እሷ የበርታ ሰው ናት፤ አማርኛን የተማረችው ገበያ ውስጥ በመሆኑ አታበዛም። "ልብ ይዘላል። እኔ አየሁ።"

"ልብ በምን ይታያል?" አለ ባለቤቴ። ከዚያም ነገሩን ባጭሩ ለመቋጨት ሸሚዙን መፍታት ጀመረ። "እኔን ተመልከተኝ። አምስት ዓመት እበልጣታለሁ። ማሳ ውዬ እገባለሁ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ እወጣለሁ። ልብ እንዳለኝ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ነገርህ የእኔን አዳምጥና፣ ደህና ልብ እንዲህ ነው ብለህ ንገራት፤ ያን ጊዜ ይለይላታል።"

ሐኪሙ ሳቀና ማዳመጫውን አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገለት። ትንሽ ጊዜ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ማዳመጫውን ወደ ታች አወረደው፣ ወደ ጎን ወሰደው፣ የባለቤቴን እጅ ይዞ ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

"አባቴ፣ ደረጃ ወጥተው ነው የመጡት?"

"ደረጃ እኮ የላችሁም" አለ ባለቤቴ። "ቤቱ ምድር ላይ ነው።"

ሲስተር ማሽኑን አመጣችው። ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ፣ እጁ ላይ፣ እግሩ ላይ ለጣጠፈችበት። እሱ እየሳቀ ተኛ፤ እኔን ለማስተማር ብሎ እንደሚደክም ሰው ነበር። ወረቀቱ ወጣ። ሲስተር ወረቀቱን አየችና ሐኪሙን አየችው። ሽማግሌው በሩን ከፍቶ "ገና አልጨረሳችሁም?" አለ። 

"አባቴ፣ የልብዎ ምት የተዛባ ነው" አለ ሐኪሙ።

"የማን?"

"የእርስዎ።"

ባለቤቴ ዞሮ እኔን አየኝ፤ ሰው ሳያየው ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር የከተትኩበት ይመስል ነበር።

ቀጥሎ እኔ ተኛሁ። ለሁለት ዓመት እንደዚያ ሲያምሰኝ የኖረ ልብ በዚያን ሰዓት ሰልፍ ላይ እንደቆመ ተማሪ ቀጥ አለ። ከማሽኑ የወጣው መስመር አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ ያማረ ነበር። ሐኪሙ በደግ ቃል "የእርስዎ ደህና ነው እናቴ፣ ሐሳብ ይቀንሱ፣ ቡናም ይቀንሱ" አለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ደም የሚያቀጥን ኪኒንና የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን ይዟል። እኔ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት ይዣለሁ። ጨጓራዬ ምንም ብሎ አያውቅም።

ወሬው ሲሰማ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ባለቤቴ ማንጎው ጥላ ሥር የቀርከሃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩ ላይ ጋቢ ጣል ተደረገለት። በአሶሳ ሙቀት ጋቢ ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቅኩም። አንዱ ወተት ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ባሚያ ትልካለች፣ አንዱ ዶሮ ያመጣል። እኔ ውሃ አቀርባለሁ፣ ወንበር አወጣለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። በመሐል ልቤ ሲነሳ ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ።

በመጀመሪያው ቀን "ምን ምን ይልሃል?" ሲሉት ባለቤቴ እውነቱን ተናገረ። "ምንም አይለኝም" አላቸው። ጠያቂዎቹ ቅር አላቸው። ወተት ይዞ ከሩቅ የመጣ ሰው ምንም ተብሎ መሸኘት አይወድም። እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱም "እንግዲህ የተደበቀ ነገር ይኖራል" ብሎ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን ሰማሁት።

"ከረጢት ውስጥ የገባች ዶሮ ታውቃለህ?" ይላል ለአንዱ ጠያቂ። "ልክ እንደዚያ ነው። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ይዘላል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ..."

"አይ አበሳ" ይላል ሰውየው።

"ጉልበት ይከዳል። ባልዲ ማንሳት አልችልም።"

ይህ ሰው ካገባኝ ጀምሮ ባልዲ አንስቶ አያውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። "ያቺ ዶሮ የእኔ ናት" አልኩት።

"ምን ላድርግ? ምንም አይሰማኝም ስላቸው እንደ ሌባ ያዩኛል።"

"የራስህን ፈልግ።"

"ከየት ላምጣ? አንቺ እንደሆነ ለሁለት ሰው የሚበቃ አለሽ።"

ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ስለ ዶሮዋ ብናገር የባሏን ቃል የምትደግም እየመሰልኩ መጣሁ። አንዷ ወዳጄ ወጥ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ስታገኘኝ አቀፈችኝና "አይዞሽ፣ የእሱ ሕመም ነው ያስደነገጠሽ" አለችኝ። ሕመሜ ከእሱ በሁለት ዓመት እንደሚቀድም ለማስረዳት ሞከርኩ። እሷ ግን ጀርባዬን እያሻሸች "አይዞሽ" ማለቷን ቀጠለች።

ልቤ ሲነሳ ወደ ክሊኒኩ መሮጥ ጀመርኩ። አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ይፈራገጣል፣ የግቢውን በር ሲያይ ይረጋጋል። ካርድ ወጥቶ፣ ተራ ተጠብቆ ማሽኑ ጋ ስደርስ፣ ሌባው የጠፋባት ከሳሽ ሆኜ እገባለሁ። ሲስተር ከፋችኝ አልልም። "እትዬ፣ ልብዎ እኛን ሳይፈራን አይቀርም" ትለኝና ትስቃለች። "እየመታ ሳለ ከደረሱልን ወረቀቱ ይይዘዋል። ካልመታ እኔ ምን ላድርግ?" ሐኪሙ ግን ማዘን ጀምሮ ነበር፣ ማዘኑም ለጭንቀቴ ነው። በአራተኛው ጊዜ "እናቴ፣ ለአንድ ሳምንት ልጅዎ ጋ ሳይደውሉ ይሞክሩ፤ ልዩነቱን ያዩታል" አለኝ።

ሐኪም ያዘዘውን የማላደርግ ሰው አይደለሁም። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጥቼ ሦስት ቀን ሳልደውል ቆየሁ። ሆዴ ተቆረጠ፣ ልቤ ግን ምንም አላለም። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ሲደውል ስልኩን አባቱ አነሳው፤ "እናትህ በሐኪም ትእዛዝ አታናግርህም" አለው። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ አለው። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ልጄ አቧራ ለብሶ በር ላይ ቆመ።

"ማነው የሞተው?" አለ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ መደርደሪያው ታስሯል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ጠፋ እኮ።"

ተቀመጠ፣ በላ። ጎረቤቴም ልጁ መጥቷል ሲባል ሰምታ ልታየው ገባች። ማንጎ ቆራርጬ ሰጠሁት፣ ከፊቱም ተቀመጥኩ። ሁለት እጁ አለ፣ ሁለት እግሩ አለ፣ ማንጎው እስከ ክርኑ ይፈስሳል። ከወራት ወዲህ እንደዚያ ቀን ሰላም ያገኘሁበት ጊዜ አልነበረም። ልቤም በዚያው መሐል ተነሳ።

ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም፤ ጎረቤቴ ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። አንጓዬ ላይ ሦስት ጣቷን አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቴ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። አባቷና ወንድሞቿ የዋዛ ነፊዎች ነበሩ። ዋዛ ከቅል ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ብዙ ሰዎች በክብ ሆነው ይነፉታል፣ እያንዳንዱ ሰው ግን ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የራሱ ቦታ ሲደርስ ይነፋል፣ ከዚያ የሌሎቹን ይጠብቃል። ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። በዚያ ቤት ያደገ ሰው አንዱ ቢዘገይ ወይ ቢፈጥን፣ ጀርባውን ሰጥቶ እንኳ ማን እንደሆነ ያውቃል።

በግራ እጇ እንደያዘችኝ በቀኝ እጇ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ሳበችና ደፋችው። ከዚያ በጣቶቿ መምታት ጀመረች። የምትመታው የእኔን ልብ ነበር። ሁለት ጊዜ መታች፣ ዘለለች፣ ሦስት ጊዜ አከታተለች፣ ቆመች፣ አንድ ጊዜ መታች። ከእኔ ውጪ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ግቢው ሁሉ ሰማው።

"ሰውየው ሰክሯል" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ተራ አያውቅም።"

"የትኛው ሰውዬ?" አለ ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ።

"አንተም ና። እጅ ስጥ።"

ከሁለታችንም በዕድሜ ስለምትበልጥ እምቢ አይላትም። ሰጣት። የእሱንም ትንሽ ያዘችና በሳፋው ላይ መታችው። የእሱ ዝግ ያለ ነው እንጂ፣ እሱም ይዘላል፣ እሱም ይቆማል፣ እሱም ያለ ተራው ይመጣል።

"ወላሂ አንድ ነው" አለች። "ሁለታችሁ ቤት አንድ ሰካራም ነው ያለው።"

ልጄ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነስቶ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ።

ባጃጁ ውስጥ ልጄ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ ከኋላ እኔ በመሐል፣ ባለቤቴ በቀኝ፣ ጎረቤቴ በግራ ሆነን ሄድን። ሳፋው ጭኗ ላይ ነው። ካቆመ እንዲታወቅ ብላ ሳታቋርጥ ትመታለች። ባለቤቴ ታማሚ ስለሆነ ይቅርብህ ብንለው "ለእሷ ማን ይናገርላታል?" ብሎ ነው የገባው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ጸልዬው የማላውቀውን ጸሎት እጸልይ ነበር። ፈጣሪዬ፣ እባክህ እስክንደርስ አታሽለኝ።

"ሠርግ ነው?" አለ ሾፌሩ።

"ልብ ነው" አለች ጎረቤቴ። "ንዳ።"

የክሊኒኩ በር ሲታይ ሁላችንም ሳፋውን አየን። ድምፁ አልተረጋጋም። ካርድ ክፍሉ "ካርድ አውጡ" ሲለን ልጄ እዚያ ቀረ፤ ጎረቤቴ በአንድ እጇ እኔን ይዛ፣ ሳፋውን ብብቷ ሥር አድርጋ እየመታች ኮሪደሩን ገባችበት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሲስተር ድምፁን ሰምታ ልትቆጣ ወጣች። ግን ቆማ አዳመጠች።

"ይሄ የማን ነው?" አለች ወደ ሳፋው እያየች።

"የእሷ" አለች ጎረቤቴ በአገጯ እያሳየችኝ።

ሲስተር ካርድ ሳትጠይቅ ክንዴን ይዛ አልጋው ላይ አስተኛችኝ። ሽቦው ሲለጠፍብኝ ትንፋሼን ይዤ ጣሪያውን አያለሁ። ማሽኑ ጮኸ፣ ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። እኔ ማንበብ የምችለው ፊደል ነው እንጂ የማሽን ጽሑፍ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ይዘላል፣ ሦስት ጊዜ ያከታትላል።

ሐኪሙ መጣ። የባለቤቴን የቆየ ወረቀት አስፈልጎ አስመጣና ከእኔው አጠገብ ዘረጋው። መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ አስተያያቸው። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ ዶክተር፣ እንደምታውቀው ልጃችን ግድቡ ላይ..."

"ልጃችሁ በሩ ላይ ቆሟል አባቴ" አለ ሐኪሙ።

ሁላችንም ዞረን አየን። ልጄ ካርድ ይዞ ቆሟል፣ ክርኑ ላይ ማንጎ ደርቆበታል።

"ዛሬ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩኝ" አለ ሐኪሙ፣ ወንበሩንም ወደ እኔ አዞረው።

ተናገርኩ። መጀመሪያ አንገቴን ደፍቼ ነበር፣ ኋላ ቀና አልኩ። የሁለት ዓመት ጥርቅም ስለነበር ረዘም አለ። ስለ ባልዲው ነገርኩት፣ ስለ ወጥ ቤቱ ግድግዳ፣ ስለ ትንፋሼ። ስለ ዶሮዋ ስነግረው ሐኪሙ ቀና አለ።

"ዶሮዋን ከአባባ ሰምቻታለሁ። ለቀጠሮ ሲመጡ ነግረውኛል።"

"የእኔ ናት" አልኩት።

ባለቤቴ መስኮቱን አየ።

በመጨረሻ ስለ እናቴ እጅ ነገርኩት። ያኔ መጻፉን አቆመ። ግፊቴን ለካው፣ እሱም ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦ ይህ የልብ ምት መዛባት ወንዶችን በብዛት ይይዛል፤ ብዙዎቹ ግን እንደ ባለቤትዎ ምንም ሳይሰማቸው ይዘውት ይዞራሉ፣ የሚገኘውም በአጋጣሚ ነው። ሴቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሰማቸዋል፤ ይደክማሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ልባቸው ሲዘል ያውቁታል። ስለሚሰማቸው ይናገራሉ፣ ስለሚናገሩ ተጨናቂ ይባላሉ፣ መድኃኒቱም ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። ሊዘገይ የማይገባው ግን እነሱ ላይ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋና ግፊት ሲጨመርበት፣ ደም ረግቶ ጭንቅላት ላይ የሚወጣው፣ ያ ጎን የሚጥለው ነገር፣ በሴት ላይ ይከፋል።

"እኔም ዘግይቼብዎታለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ።

ልጄ የሚሆን ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ "ምሳ በልተሃል?" አልኩት።

ደም የሚያቀጥነውንም፣ የሚያረጋጋውንም ጻፈልኝ። ሰዓቱን እንዳላሳልፍ ደጋግሞ አሳሰበኝ፤ ሰዓት ማሳሰብ ለእኔ እንደማያስፈልግ ገና አልገባውም ነበር። የጨጓራውንም እንዳቆም ነገረኝ።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ጎረቤቴ ሳፋውን እየመታች ለሰፈሩ ሁሉ ስላሳየች ዝርዝሩንም ያልሰማ አልነበረም። ጠያቂ እንደገና መጣ። ያኔ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ሰው ሁሉ ሕመሙ ከባሌ የተጋባብኝ ነው ብሎ ደመደመ። ከሴቶቹ አንዷ እንባ አቀረረች። "ሠላሳ ዓመት አብሮ መኖር ማለት ይሄ ነው፤ የእሱ ልብ ሲታመም የእሷም ታመመ" አለች። ሌላዋ ጠጋ ብላ፣ በአንድ ብርጭቆ እንዳትጠጡ፣ ገና ያልያዛቸው ልጆች አሉ ብላ መከረችኝ።

"በሁለት ዓመት የምቀድመው እኔ ነኝ" አልኩ።

"አዎ እህቴ፣ አዎ" አሉኝ።

ባለቤቴን አየሁት። ይናገርልኝ ብዬ መጠበቄ ነው፣ ልማድ ቶሎ አይለቅም። እሱ ጋቢውን አስተካከለ፣ ትንሽ አሰበና "እውነቷን ነው" አለ። "ዶሮዋም የእሷ ናት። እኔ ምንም አይሰማኝም።" ጠያቂዎቹ ለሚስቱ ሲል ሕመሙን የሚደብቅ ጀግና አድርገው አዩት። የዚያን ቀን የመጣው ወተት ለእሱ ተሰጠ።

አሁን ሁለታችንም ኪኒናችንን በአንድ ሰዓት እንውጣለን። እሱ ካላስታወስኩት ይረሳል፤ የማይሰማውን ሕመም ማስታወስ ከባድ ነው ይላል። እኔ አልረሳም። ልቤ ፈጽሞ አልተወኝም፣ ግን አልፎ አልፎ ነው፣ ሲመጣም እንደበፊቱ ጉልበቴን አይወስደውም። ልጄ ጋ መደወሌን ቀጥያለሁ። ሐኪሙ ይህን አልከለከለኝም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ እኛ ብቻ ብዬ አይደለም። ባለፈው የማንጎ ወቅት ለቀጠሮ ሄጄ አግዳሚው ላይ ስጠብቅ ከባምባሲ የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ወደ አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋለች፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፣ አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛ ይገባል። አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ባሏ ቆሞ በሩን ያያል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"እሷ ትጨነቃለች" አለኝ ባሏ።

"እሷን ነው የጠየቅኩት ወንድሜ" አልኩት። በሕይወቴ ለሰው ባል እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

ሴትየዋ ባሏን አየችው፣ ከዚያ እኔን። "እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይሮጣል" አለችኝ። "አሁን ትቷል።" ሌላ ቃል ሳትጨምር ተጠሩ። የገቡት ወደ ሌላ ሐኪም ነው፤ የእኔው በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ነበር። ቶሎ ወጡ። ባሏ የያዘውን መድኃኒት አወቅኩት፤ እኔም የዋጥኩት የጨጓራ ነው።

ተነስቼ እጇን ያዝኳት። ሲሮጥ ነይ፣ ሲተውሽ አትምጪ፣ ካርድ ሳትይ ሲስተርን ጥሪ፣ ራስሽ ተናገሪ አልኳት። "እሺ፣ እሺ" አለች፤ መስማቷን ግን እንጃ፤ ባሏ የባምባሲ መኪና እየሞላ ነው እያለ ክንዷን ይስባል። ስልኳን ሳልቀበል ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በቀጠሮዬ ቀን ሁሉ አግዳሚውን አያለሁ፣ ሲስተርንም እጠይቃለሁ፤ አልመጣችም።

ባምባሲ ያላችሁ፣ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ ይህችን ሴት የምታውቋት ካላችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ። ሁለቱም እጇ ይሠራ እንደሆነም ንገሩኝ።